ከባድ መኪና በቀላል ጎማ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ጎማ አመራረጥ፣ የአየር መጠንና ጥገና ይመለከታል

መርካቶ ጎማ ተራ የገባ ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ቁጥር ነው?» ገዢው «235 በ55፣ 19» ይላል፤ ልጁ ጎማውን ከጓዳ እያንከባለለ ያወጣል፤ የዋጋ ክርክር ይጀመራል። ከዚያ ቁጥር አጠገብ በትንሹ የተጻፈውን ሌላ ቁጥር የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ነዳጅ የምትጠጣ ትንሽ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ዝምታ ብዙ ጉዳት ሳያስከትል ኖሯል። 2 ቶን ገደማ የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ቤተሰቡን ጭኖ ለሚነዳ ሰው ግን ያቺ ትንሽ ቁጥር የሕይወት ጉዳይ ናት። ይህ ደብዳቤ በዋናነት የተጻፈው ስለ እሷ ነው።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በጎርጎርዮሳዊው 2022፣ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጓል። ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው መጥተው እዚሁ የሚገጣጠሙት ደግሞ ምንም እንዳይከፍሉ ተወስኗል። መንግሥት በሰጠው መግለጫ መሠረት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ አልፈዋል። ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ እየገዛ ኤሌክትሪኩን ከወንዞቹ ለሚያመነጭ አገር የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ይህ ደብዳቤም ውሳኔውን አይቃወምም። ውሳኔው ሳይጠናቀቅ የቀረበትን አንድ ቦታ ግን ያሳያል። ስለ ባትሪ ይወራል፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ይወራል፣ ስለ መለዋወጫ እጥረት ይወራል። መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙትን አራት ጎማዎች ግን የሚያነሳቸው የለም።

መኪናው ሲለወጥ ጎማው የተሸከመው ሥራም ተለውጧል። ሃዩንዳይ ኮና በነዳጅም በኤሌክትሪክም የተሠራ መኪና በመሆኑ ለማነጻጸር ይመቻል። የነዳጁ 1,300 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ 64 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው የኤሌክትሪኩ ወደ 1,700 ይጠጋል። አምስት አዋቂ ሰዎች ቀን ከሌት ከላዩ ሳይወርዱ እንደሚሄዱ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጉልበቱ አወጣጥ አለ። የነዳጅ ሞተር ጉልበቱን የሚሰበስበው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ፔዳሉ እንደተረገጠ ያለውን ሁሉ ይለቃል። እግር ከፔዳሉ ሲነሳም ሞተሩ መልሶ ኃይል እያመነጨ መኪናውን ይይዛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ያለ ፍሬን ማለት በሚቻል ሁኔታ መውረድ የሚቻለው በዚህ ነው። የፍሬኑ ሸራ ይተርፋል፤ የመያዙን ሥራ ግን ከሞተሩ ጋር የተያያዙት ጎማዎች ይሠሩታል፣ እነሱም ያልቃሉ። ጉድዪር በጎርጎርዮሳዊው 2018 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ የተለመዱ ጎማዎች በኤሌክትሪክ መኪና ሲገጠሙ እስከ 30 በመቶ ፈጥነው ሊያልቁ እንደሚችሉ ሙከራው ማሳየቱን ተናግሯል። አምራች አዲስ ዕቃ ሊሸጥ ሲል የሚጠራውን ቁጥር በጥንቃቄ መስማት ተገቢ ነው፤ ክብደቱና ጉልበቱ ግን በሚዛንም በመንገድም የሚታዩ ናቸው።

አሁን ወደ ትንሿ ቁጥር። በጎማው ጎን ላይ «235/55 አር 19 105 ቪ» የሚል ጽሑፍ ይኑር። 235 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ ነው፤ 19 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ይህን የጎማ ተራ ነጋዴ ተኝቶም ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለው 105 አንድ ጎማ ሊሸከም የሚችለውን ክብደት የሚነግር መለያ ሲሆን ትርጉሙ 925 ኪሎ ግራም ነው። ቪ የምትለው ፊደል ደግሞ ጎማው እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ የተፈተነ መሆኑን ትገልጻለች። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ያው 235/55 አር 19 የሆነ ጎማ 101 የሚል መለያ ይዞም ይሠራል፤ እሱ የሚሸከመው 825 ኪሎ ግራም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ዓይን አይለያቸውም፤ ቸርኬው ላይም እኩል ይገጥማሉ። በአንዱ ጎማ የ100፣ በአራቱ የ400 ኪሎ ልዩነት ግን አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የሚታየው የፎልክስዋገን አይዲ 4 የፊት ጎማ አንዱ መጠን ይኸው ነው፤ ትልቁን ባትሪ የያዘው አይዲ 4 ሰው ሳይገባበት 2,100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት የጎማው አቅም በግምት የሚታለፍ ነገር አይሆንም።

ይህ ተጨማሪ አቅም በጎማው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስኤል በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታወቃል። እጅግ ለከበዱ መኪኖች ደግሞ ከኤክስኤልም የበለጠ የሚሸከም ኤችኤል የሚባል መጥቷል፤ ፒሬሊ በ2021 ለሉሲድ ኤር የሠራው ከመጀመሪያዎቹ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የኤክስኤል ጎማ አቅም ከአየሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። በአውሮፓ ስሌት የመደበኛው ጎማ አቅም የሚቆጠረው በ250 ኪሎፓስካል ወይም በ36 ፒኤስአይ ሲሆን፣ የኤክስኤሉ በ290 ወይም በ42 ፒኤስአይ ነው። ኤክስኤል ገዝቶ በ32 የሚነዳ ሰው ብሩን ከፍሎ አቅሙን አላገኘም። ይህ ሁሉም ሰው 42 ያስነፋ ማለት አይደለም፤ መከበር ያለበት የመኪናው አምራች በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የለጠፈው ቁጥር ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የአየር መጠንም ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ለመኪናው የታዘዘ ልክ አይደለም።

ያ በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን በብዙዎቹ መኪኖች ላይ በቻይንኛ ነው። አሃዙም በኪሎፓስካል ነው፤ የጎሚስታው መለኪያ ደግሞ የሚያውቀው ፒኤስአይን ነው። ሾፌሩ ማንበብ አይችልም፤ ጎሚስታው ከልምዱ ተነስቶ «30 ይበቃዋል» ይላል፤ ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። 230 ማለት 33፣ 250 ማለት 36፣ 270 ማለት 39፣ 290 ማለት 42 መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፎ በበሩ ላይ ቢለጠፍ አስመጪውን ምንም ያህል አያከስረውም።

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር በጎማ አየር ላይ የሚያደርገውን የሌላ አገር መመሪያ መጽሐፍ አይነግርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የውጪው አየር ግፊት ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ወደቡ ላይ 36 የተነፋ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ 39 ተኩል ገደማ ያሳይ ነበር። ወደ ታች ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። በ15 ዲግሪ ብርድ አዲስ አበባ ላይ 36 አስነፍቶ ወደ ሠመራ የወረደ ሾፌር፣ ከፍታው በመቀነሱ 3 ፒኤስአይ ያህል ያጣል፤ የ35 ዲግሪው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልስለታል። እኩለ ቀን ላይ ያረፈውን ጎማ ቢለካ አሁንም 36 ያነብና ምንም እንዳልተለወጠ ያስባል። ሌሊት አየሩ ሲበርድ ግን ቁጥሩ ይወርዳል፤ መኪናው ጎሕ ሲቀድ ተጭኖ የሚነሳውም በዚያ በጎደለው አየር ነው። ቆላ ውሎ የሚያድር ሰው በማግስቱ ማለዳ፣ ከመነሳቱ በፊት፣ እንደገና መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ መጥቶ የቆመ መኪና ጎማው ሞቆ 41 ሲያሳይ፣ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ የተለመደ ነው። አምራቹ የጻፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። የሞቀውን አስተንፍሶ ያደረ ሰው ጠዋት የሚነሳው ጎዶሎ ጎማ ይዞ ነው፤ ጎዶሎ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል፣ ምክንያቱም በዝምታ የጠፋ ልማድ ነው። የነዳጅ መኪና ሾፌር በየሳምንቱ ማደያ ይገባ ነበር፤ አየር የሚነፋውም፣ ጎማውን ዞር ብሎ የሚያየውም እዚያው ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌር ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቶ ያድራል፤ ማደያ የሚያስገባው ጉዳይ የለም። ጎማውን የሚያይበት ቀን ከሳምንቱ ወጥቷል። ለሕዝብ የሚከፈቱ የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ፈቃድ ሲሰጣቸው ወይም ሲታደስላቸው ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የአየር መንፊያና መለኪያ እንዲያቆሙ ቢገደዱ፣ ይህ ደብዳቤ ከጠየቃቸው ነገሮች ሁሉ በጥቂት ወጪ ብዙ የሚያተርፈው እሱ ይሆን ነበር።

ጎማ የመኪናውን የጉዞ ርቀትም ይወስናል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የጎማ መለያ ላይ፣ ጎማ ሲንከባለል የሚያባክነው ኃይል ከኤ እስከ ኢ ባሉ አምስት ደረጃዎች ይገለጻል። በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ብቃቱና የሚያሰማው ድምፅም አብረው ይሰፍራሉ። በኤ ደረጃ ያለ የአውቶሞቢል ጎማ የመንከባለል ተቃውሞው በአንድ ቶን ከ6.5 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ በዲ ያለው እስከ 10.5 ይደርሳል። 2 ቶን ለሚመዝን መኪና ይህ ልዩነት ሲሰላ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መኪና ከኃይሉ ከ10 እጅ አንዱን የሚበልጠውን በጎማ ምርጫ ብቻ ሊያጣ ወይም ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው። ቻርጅ ማድረጊያ በየከተማው በማይገኝበት አገር ይህ መድረስና አለመድረስን ይለያል።

ያም ሆኖ፣ ርቀትን ብቻ ማሳደድ በክረምት ያስቀጣል። በቀላሉ የሚንከባለል ጎማ በርካሽ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ የሚቀነሰው በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ብቃቱ ነው። ሚሽላን በጎርጎርዮሳዊው 1992 ሲሊካ የተባለውን ንጥረ ነገር በጎማ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን ማስታረቅ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ጥሩ ጎማ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሐምሌ ላይ የራሰ ኮብልስቶን ዳገት የወጣ የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌር ልዩነቱን በመሪው ላይ ያውቀዋል። የጎማው ጥርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አልቋል የሚለው የብዙ አገሮች ሕግ ነው፤ ለአዲስ አበባ ዝናብና ለከባድ መኪና ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መቀየር ይሻላል።

ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪና ውድ የሆነ ልዩ ጎማ ያስፈልገዋል ማለት እንዳልሆነም በግልጽ መባል አለበት። ሚሽላን፣ ሃንኩክና ሌሎችም ለኤሌክትሪክ መኪና ብለው የሚያወጧቸው ጎማዎች ጥሩዎች ናቸው፤ የሃንኩኩ አዮን ከታወቁት አንዱ ነው። ነገር ግን መጠኑ፣ የመሸከም መለያውና የፍጥነት ፊደሉ መኪናው ከሚጠይቀው ጋር የተስማማ መደበኛ ጎማ ሥራውን ይሠራል። እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለች 1,200 ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና ባለቤት በፍርሃት ተገፍቶ የማያስፈልገውን መግዛት የለበትም። መለያው ዝቅ ያለ ጎማ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚገጥም የትልቅ መኪና ባለቤት ግን የቆጠበው ገንዘብ የት እንዳለ አያውቅም።

ጎሚስታዎቹ ስለ ራሳቸው የሚጽፍላቸው ሰው የላቸውም። መንገድ ዳር፣ ኮምፕሬሰራቸውንና ክሪካቸውን ይዘው፣ የአገሪቱን ተሽከርካሪ ሁሉ ለዓመታት ያቆሙት እነሱ ናቸው። አዲሱ መኪና ግን ሳያስተምራቸው ደጃፋቸው ደርሷል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር ተዘርግቷል፤ ክሪክ አምራቹ ካመለከተው ቦታ ውጪ ቢገባ የመኪናውን ውድ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ከአንዳንድ ጎማዎች ውስጥ ድምፅ ለመቀነስ የተለጠፈ ስፖንጅ አለ፤ ቀዳዳው በደንብ ከውስጥ እንዲለጠፍ ስፖንጁ በዚያ ቦታ በጥንቃቄ መነሳት አለበት፣ ከውጭ በመርፌ የሚገፋው የጎማ ክር ብቻውን አይበቃም። የአይዲ 4 የኋላ ጎማ ከፊቱ ይሰፋል፤ የፊቱ 235 ሲሆን የኋላው 255 ነው። ስለዚህ በነዳጅ መኪና እንደተለመደው በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ማቀያየር በዚህ መኪና አይሆንም። ብዙዎቹ ደግሞ ትርፍ ጎማ ይዘው አይመጡም፤ በምትኩ የሚሰጠው የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በዚያ ፈሳሽ አይድንም፤ ገጠር መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ዝቅተኛ ጎን ያለው ጎማ የሚቀደደው ወይም የሚያብጠው ደግሞ ጎኑ ላይ ነው።

ስለ ጎማ ዕድሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማነቱ ይደርቃል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ሳያይ እጁን ወደ ኪሱ አይስደድ።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው በእጁ ባሉት ነገሮች ነው። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ አለ፤ ቦሎ ሳይለጠፍ መኪና አይንቀሳቀስም። መርማሪው የጎማውን ጥርስ ሲያይ የመሸከም መለያውንና የተሠራበትን ዓመት አብሮ ቢያነብ፣ መኪናው ከሚጠይቀው በታች የሆነውን ቢመልስ፣ አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የየመኪናው ሞዴል የሚፈልገውን ጎማ የያዘ አንድ ዝርዝር ነው። ያን ዝርዝር አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች መኪናውን ለማስገባት ሲያመለክቱ ራሳቸው እንዲያቀርቡ ማድረግ ይቻላል። ሞዴሉን የሚያስገባ ድርጅት ለዚያ ሞዴል የሚሆን ጎማ በአገር ውስጥ እንዲኖር ኃላፊነት ሊወስድ ይገባል፤ መኪናውን ሸጦ ጎማውን ለዕድል የሚተው አስመጪ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሟል። የ2022ቱ የቀረጥ ውሳኔ የተደረገው ለተሽከርካሪው ነው፤ ትክክለኛ መለያ ያለው ጎማ ከርካሹ ጋር በዋጋ እንዲቀራረብ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር መመካከሩ የዚያው ውሳኔ ተከታይ ነው። ለጎሚስታዎች ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በኩል አጭር ሥልጠና ይሰጥ፤ ክሪክ የት እንደሚገባ የሚያሳይ በሥዕል የተሠራ ሰሌዳ በየሱቃቸው ይሰቀል። ምን ያህል መኪና ገባ የሚለው በየጊዜው ይነገራል፤ በጎማ ምክንያት የደረሰው አደጋም ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

ይህ እስኪሆን ድረስ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በራሳቸው መለኪያ የአራቱንም ጎማ አየር ይለኩ። የበሩን ምሰሶ ወረቀት በስልካቸው አንሥተው ለሚያነብላቸው ሰው ያሳዩ፤ አንብበው ያገኙትን ቁጥር በፒኤስአይ ጽፈው እዚያው ይለጥፉት። ጎማ ተራ ሲገቡም «235 በ55፣ 19» ብለው አያቁሙ፤ «105፣ ኤክስኤል» ብለው ይጨምሩ፣ ነጋዴው ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ። ገዢው መጠየቅ ሲጀምር ነጋዴው ማምጣት ይጀምራል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች
በየመንገዱ ዳር ለሚሠሩ ጎሚስታዎች